ዜና ፍልሰተ ዐፅመ ነገሥት

ከሞቱ በኋላ አገር ለአገር ስለ ዞሩ ነገሥታት እንጽፋለን። ነገሩ የሚነሣው ከአባይ ወዲህ፣ ዛሬ ቦረናና ሳይንት ከምንለው፣ ከመካነ ሰላም ዙሪያ ካለው ደጋ ነው፤ የሚያርፈውም በጣና ባሕር ላይ ነው። በዚያ ዘመን ይህ ምድር ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ የነገሥታቱ ርስትም መቃብርም እርሱ ነበር።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የአባቱን የዐፄ ዳዊትን ዐፅም አስነሥቶ፣ በአምሐራ ምድር ደብረ ነጎድጓድ ብሎ በሰየመው ደብር አኖረ። በ1460 ዓ.ም. ዘርዐ ያዕቆብ ባረፈ ጊዜ ልጁ በእደ ማርያም ነገሠ፤ እርሱም የአባቱን ፈለግ ተከተለ። አትሮንሰ ማርያምን አሠራ፤ ከእርሱ አስቀድመው የነገሡትን፣ የዐፄ ይኩኖ አምላክን ዐፅም ሳይቀር፣ ወደዚያ አፈለሰ። የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ደብር ጉልት ይተከልለታል፣ ካህናት ይሠሩለታል፣ ተዝካሩ አይጓደልም። ይህን ሁሉ ለነፍሳቸው ብቻ አደረገው የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን እንዲህ አላምንም። ሕያዋን ወንድሞቹን በግሸን አምባ፣ ሙታን አባቶቹን በአንድ ደብር የሰበሰበ ንጉሥ፣ ዘውዱ የማን እንደሆነ ለጠየቀው መልሱ በእጁ ነው።

ከዚህም በኋላ ዐፄ ናዖድ መካነ ሥላሴን ጀመረ፤ ሳይፈጽመው ዐረፈና በዚያው ተቀበረ። ልጁ ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸመው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በዚህ ንጉሥ ዘመን መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ ጽፏል።

በ1524 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊቱን ይዞ ቤተ አምሐራ ገባ። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ እንደ ተረከው፣ ኢማሙ መካነ ሥላሴ በገባ ጊዜ በወርቁ ብዛት ተደነቀ። አብረውት የነበሩትን ዐረቦች፣ «በሩም አገር ወይም በሕንድ እንዲህ ያለ አለን?» ብሎ ጠየቀ፤ እነርሱም አይተን አናውቅም አሉት። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ መጥረቢያውን አንሥቶ ወርቁን ፈቀፈቀ፤ ቤቱንም አቃጠለው። አትሮንሰ ማርያምም እንዲሁ ተቃጠለች። ለሙታኑ ክብር የተለበጠው ወርቅ ለቤታቸው ጠላት ጠራ እንጂ አልጠበቃቸውም።

አሁን ነገሩ ወደሚያርፍበት ወደ ጣና ባሕር፣ ወደ ዳጋ ደሴት እንሻገር። በዚያ ያለውን የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረተው አባ ኂሩተ አምላክ ነው፤ እርሱም በወሎ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ነበረ። ሐይቅ እስጢፋኖስም ያኔ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዟል። እንግዲህ የጣናው ገዳም የወሎው ገዳም ልጅ ነው፤ የታቦቱም ስም አንድ ነው።

በዳጋ የነገሥታት መቃብር አለ ሲባል ሰምቶ፣ ጽሕፈት የተቀረጸበት ሐውልት ወይም የተጠረበ ድንጋይ አያለሁ ብሎ ታንኳ የተሳፈረ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ነገሥታቱ አፈር አልለበሱም፤ በሣጥን ሆነው በገዳሙ ዕቃ ቤት፣ ከብራና መጻሕፍቱና ከዘውዶቹ ጋር ይኖራሉ። ሣጥኑ ጎኑ መስታወት ስለሆነ የደረቀው ገላ በውስጡ ይታያል። ሴት ወደ ደሴቱ አትወጣምና ይህን ያየ ወንድ ብቻ ነው። መነኮሳቱ ይኩኖ አምላክን፣ ዳዊትን፣ ዘርዐ ያዕቆብን፣ ዘድንግልንና ፋሲለደስን ይቆጥራሉ። አንባቢ ሆይ፣ በእደ ማርያም ይኩኖ አምላክን ወደ አትሮንሰ ማርያም እንዳፈለሰ ከላይ ተናግረናል፤ ዳጋ ደግሞ ከእኔ ዘንድ ነው ትላለች። ለአንድ ንጉሥ ሁለት ደብር መሟገቱ ለንጉሡ ነውር አይደለም።

ዐፄ ዘድንግል በጥቅምት 1597 ዓ.ም. በደምቢያ ከዐመፁበት መኳንንት ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ሬሳው ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ከሰነበተ በኋላ እንደ ተራ ሰው ተቀበረ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ አውጥተው ወደ ዳጋ አሻገሩት።

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆረ፣ ግንብ የገነባ ንጉሥ ነው፤ በጥቅምት 1660 ዓ.ም. በአዘዞ ባረፈ ጊዜ ግን ከግንቡ ይልቅ ባሕሩ ተመረጠለት። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ናትናኤል ኬኒ የተባለ የናሽናል ጂኦግራፊክ ጸሐፊ በዳጋ የፋሲለደስን ሣጥን ሲመለከት በውስጡ ሌላ ትንሽ ገላ አየ። ማን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ አንድ መነኩሴ የንጉሡ የሰባት ዓመት ልጅ ነው አሉት፤ ለአዲሱ ንጉሥ እጅ ሊነሣ የመጣው ሕዝብ ሲጋፋ ታፍኖ ሞተ ብለው ነገሩት።

ጣና ሙታንን እንደ ጠበቀ ሕያዋንን አልጠበቀም። የፋሲለደስ የልጅ ልጅ ታላቁ ኢያሱ፣ ልጁ ተክለ ሃይማኖት በቦታው ከነገሠ በኋላ፣ በጥቅምት 1699 ዓ.ም. በዚያው ባሕር ደሴት ላይ ሳለ ተገደለ፤ ሬሳውም በምጽራሐ ደሴት ተቀበረ። ተክለ ሃይማኖትም ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሰኔ 1700 ዓ.ም. በሰው እጅ ሞተ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ርጉም ተክለ ሃይማኖት ተብሎ ይጠራል።