መሪውን ያልያዘ ሰው፦ የጉዞ ሕመም ታሪክና ራሳቸውን የሚነዱ መኪናዎች



ንግግሬን ብዙዎቻችን ከምናውቀው መንገድ ልጀምር። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን፣ ከዚያም ወደ ደጀን የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው በውስጡ ያየውን አይረሳም። ረዳቱ ፌስታል ያድላል፤ አንዲት እናት ሎሚ ያሸታሉ፤ አንዱ ወጣት ግንባሩን ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ደፍቶ ዝም ይላል። ሾፌሩ ግን ምንም ሳይሰማው መሪውን እያዞረ ይነዳል። መንገዱ አንድ፣ ኩርባው አንድ፣ አውቶቡሱም አንድ ሆኖ ሳለ ሾፌሩን የማያመው ስለ ምንድን ነው?

የዛሬው ንግግሬ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄው በዘመናችን አዲስ ክብደት አግኝቷል። በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ በሾፌሩ ወንበር ላይ ማንም ያልተቀመጠበት ታክሲ ለሕዝብ አገልግሎት ይሰጣል። ሾፌሩ ከመኪናው በወረደ ጊዜ የምንቀረው ሁላችንም ተሳፋሪዎች ነን።

ሕመሙ ከመኪና እጅግ ይቀድማል። የሕክምና ሰዎች ማቅለሽለሽን የሚጠሩበት «ኖዥያ» የተሰኘው ቃል፣ መርከብ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመነጨ ነው። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታዊ የሕክምና ጽሑፎችም የባሕር ጉዞ፣ እንቅስቃሴ ሰውነትን እንደሚያውክ ምስክር ሆኖ ተጠቅሷል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 በቢግል መርከብ ባደረገው ጉዞ በባሕር ሕመም ክፉኛ ተሠቃይቷል። ስመ ጥሩው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰንም ከዚህ ሕመም ዕድሜውን ሙሉ አልተላቀቀም። ኔልሰን አዛዥ አልነበረምን ትሉኝ ይሆናል። ነበረ፤ ነገር ግን መርከቡን ያዝዛል እንጂ ማዕበሉን አያዝዝም።

የሕመሙ መነሻ የት እንደሆነ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል። ከፊሉ በጨጓራ፣ ከፊሉ በደም ዝውውር ያሳብቡ ነበር። ታማሚው በበኩሉ ከሐዘኔታ ይልቅ ፌዝ ይደርሰው ነበር፤ ባሕር ያመመው ሰው ለመርከበኞች መሳቂያ ነበርና። ትክክለኛውን አቅጣጫ ለማመልከት የረዱት፣ ማኅበረሰቡ «ጎደሎ» አድርጎ ይመለከታቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1882 በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ዊልያም ጄምስ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች የሚመለከት ጥናት አሳተመ። ስለ መሽከርከር መረጃ ከተሰበሰበባቸው 519 ሰዎች መካከል 186ቱ ፈጽሞ አይዞራቸውም ነበር። በአንጻሩ መስማት ከሚችሉ 200 ያህል ተማሪዎች መካከል መሽከርከር የማያዞረው የተገኘው አንድ ብቻ ነበር። ጄምስ ከዚህ ተነሥቶ የማዞር ስሜት ምንጩ ውስጠኛው ጆሮ ነው ለሚለው ሐሳብ ማስረጃ አቀረበ፤ ለባሕር ሕመምም ተመሳሳይ ምክንያት ጠረጠረ። ዛሬ እንደምናውቀው በውስጠኛው ጆሮ የራሳችንን መዞር የሚለኩ፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ። ከእነርሱም አጠገብ ፍጥነት መጨመርንና መቀነስን፣ የራስን ማዘንበልንም የሚያስታውቁ ሁለት ጥቃቅን ከረጢቶች ይገኛሉ።

ይህ ማስረጃ ከዘመናት በኋላ በባሕር ላይ በግልጽ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ተመራማሪዎች ለጠፈር ጉዞ ዝግጅት የሚረዳ ሙከራ ሲጀምሩ፣ በዋሽንግተን ከሚገኘው ጋላውዴት ኮሌጅ መስማት የተሳናቸው 11 ሰዎችን መለመሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በልጅነታቸው በያዛቸው ማጅራት ገትር ምክንያት ውስጠኛው ጆሯቸው የተጎዳ ነበር። በአንዱ ሙከራ መርከባቸው በካናዳ ጠረፍ አቅራቢያ ብርቱ ማዕበል ገጠመው። ተመራማሪዎቹ ታመው ሲወድቁ፣ የሚመረመሩት ሰዎች ተረጋግተው ካርታ ይጫወቱ ነበር።

እንግዲህ ጆሮው ጤነኛ የሆነ ሰው ሁሉ ሊታመም ይችላል። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይታመምም? እ.ኤ.አ. በ1975 ጄምስ ሪዝንና ብራንድ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሕመሙ የሚነሣው ዓይን፣ ጆሮና ሌላው አካል የሚያቀብሉት መልእክት እርስ በርሱ ሲጣረስና አንጎል ከቀድሞ ልምዱ ከሚጠብቀው ጋር ሳይገጥም ሲቀር መሆኑን አስረዱ። በመኪና ውስጥ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ዓይኑ «ቆመናል» ይለዋል፤ ጆሮው «እየዞርን ነው» ይለዋል።

የሾፌሩን እንቆቅልሽ በቀጥታ የፈተኑት ደግሞ ሮልኒክና ሉቦው የተባሉ እስራኤላውያን ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አሽከረከሩ። ሁለቱም የሚደርስባቸው እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ መቆጣጠሪያው በአንደኛው እጅ ብቻ መሆኑ ነው። መቆጣጠሪያውን የያዙት ከጥንዶቻቸው ያነሰ ሕመም ተሰማቸው። የዓባይ በረሃው ሾፌር ምሥጢርም ይኸው ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ኩርባ አስቀድሞ ያያል፤ እጁ የሚያደርገውንም አንጎሉ ቀድሞ ያውቃል።

አሁን ወደ አዲሶቹ መኪናዎች እንመለስ። የሚሰጡን ትልቁ ተስፋ የጊዜ ነፃነት ነው፤ በጉዞ ላይ አንብቡ፣ ሥሩ፣ ፊልም ተመልከቱ ይሉናል። ነገር ግን እነዚህ ተግባራት ዓይንን ከመንገዱ የሚነጥሉ፣ ማለትም ሕመሙን የሚጠሩ ናቸው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲቫክና ሾትል እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ራሳቸውን በሚነዱ መኪናዎች ከሚጓዙ አሜሪካውያን አዋቂዎች ከ6 እስከ 10 ከመቶ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ ወይም ሁልጊዜ በተወሰነ ደረጃ ሊያማቸው እንደሚችል ገምተዋል። ሕመሙ ልጆችንና ሴቶችን ይበልጥ እንደሚያጠቃም የታወቀ ነው።

መፍትሔው ከታሪኩ ይከተላል፤ ለተሳፋሪው የሚመጣውን አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። ሰፊ መስኮት፣ መታጠፍን በብርሃን ወይም በንዝረት የሚያስታውቅ ምልክት፣ የረጋ አነዳድ የሚታሰቡት ለዚህ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 በስልክ ስክሪን ጠርዝ ላይ ከመኪናው ጋር የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦችን ያቀረበውም ዓይንና ጆሮን ለማስታረቅ ነው።

ይሁንና እንደ ታሪክ ተማሪ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በአውቶቡሳችን ተሳፋሪው «ሾፌር፣ እባክህ ቀስ በል» ይላል፤ ሲብስበትም ረዳቱ ያስቆምለታል። የሚሰማ ጆሮ አለ። አሽከርካሪ በሌለው መኪና ይህን የሚሰማው ማን ነው? ጄምስ መስማት የተሳናቸውን ጠይቆ የሰጡትን መልስ እንደ ማስረጃ ባይቀበል ኖሮ፣ ሕመሙ የጨጓራ ወይም የሐሞተ ቢስነት ጉዳይ ተብሎ ብዙ ዘመን በኖረ ነበር። መኪናውን የሚሠሩት ሰዎች ከሁሉ በፊት ሊጠይቁ የሚገባቸው ጉዞ የማያማቸውን አይደለም፤ ያቺን ሎሚ የምታሸት እናት ነው።