ሁለተኛ ሥራና የገቢ ግብር፡- ሁለት ደመወዝ፣ አንድ ግብር ከፋይ

በአንድ ደመወዝ ወር መድረስ ካቃተ ሰነባብቷል፡፡ የሒሳብ ባለሙያው ማታ ማታ በግል ኮሌጅ ያስተምራል፡፡ ሐኪሙ ከመንግሥት ሆስፒታል ወጥቶ የግል ክሊኒክ ይገባል፡፡ መሐንዲሱ ቅዳሜና እሑድን ለሌላ ድርጅት ይሠራል፡፡ ሁለተኛ ሥራ ሲገኝ ታዲያ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች አብረው ይመጣሉ፡፡ አንደኛው «ሁለተኛው ቀጣሪዬ ግብሬን ቆርጦ ከከፈለ በእኔ በኩል ያለው አልቋል» የሚለው ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ «ገቢዬ ከፍ ካለ ግብሩ ሁሉንም ስለሚበላው ብሠራም ባልሠራም አንድ ነው» የሚለው ነው፡፡ ሁለቱም ትክክል አይደሉም፡፡ የመጀመሪያው ዕዳ ያስከትላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለምክንያት እንጀራ ያስቀራል፡፡

ከመሠረቱ እንጀምር፡፡ በአገራችን የገቢ ግብር የሚገዛው በ2008 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል፡፡ ሕጉ ገቢን በሠንጠረዥ ይከፍላል፡፡ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ሥራ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ»፣ ሌሎች ገቢዎች ደግሞ በሠንጠረዥ «መ» ይስተናገዳሉ፡፡ የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ግብር ለብቻው ይሰላል፡፡ ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ የያዘ ሰው በቅድሚያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ይኼኛው ገቢዬ ከየትኛው ሠንጠረዥ ይወድቃል?» የሚል ነው፡፡

ሁለተኛው ሥራም ቅጥር ከሆነ ሁለቱም ገቢዎች በሠንጠረዥ «ሀ» ሥር ይወድቃሉ፡፡ በተሻሻለው አዋጅ መሠረት የወር ደመወዝ ግብር እንደሚከተለው ነው፡፡

እስከ 2,000 ብር - ከግብር ነፃ
ከ2,001 እስከ 4,000 ብር - 15 በመቶ
ከ4,001 እስከ 7,000 ብር - 20 በመቶ
ከ7,001 እስከ 10,000 ብር - 25 በመቶ
ከ10,001 እስከ 14,000 ብር - 30 በመቶ
ከ14,000 ብር በላይ - 35 በመቶ

ከፍተኛው ምጣኔ የሚያርፈው በየእርከኑ ውስጥ በሚገኘው ገንዘብ ላይ ብቻ እንጂ በሙሉ ደመወዙ ላይ አይደለም፡፡ ደመወዙ 14,100 ብር የሆነ ሰው 35 በመቶ የሚከፍለው በመጨረሻዋ 100 ብር ላይ ነው፡፡ በሌላ አነጋገር በሠንጠረዥ «ሀ» የትኛውም ተጨማሪ ገቢ ከ35 በመቶው በላይ በገቢ ግብር አይወሰድም፡፡ «እርከን ዘለልኩና ከበፊቱ ያነሰ እጄ ላይ ቀረ» የሚለው ወሬ በገቢ ግብር ስሌት አይደገፍም፡፡

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ ግብሩ የሚጣለው በሰውየው ላይ እንጂ በቀጣሪው ላይ አይደለም፡፡ ከግብር ነፃ የሆነው 2,000 ብርም በወር ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ የተሰጠ እንጂ በየቀጣሪው የሚታደስ አይደለም፡፡ ነገር ግን ሁለተኛው ቀጣሪ የመጀመሪያውን ደመወዝ ስለማያውቅ ሠንጠረዡን ከታች፣ ከዜሮ ይጀምረዋል፡፡ ነፃውን 2,000 ብር ይሰጣል፤ ዝቅተኛዎቹንም ምጣኔዎች እንደገና ይጠቀማል፡፡ ሠራተኛውም ከሁለት ቦታ ሕጋዊ የደመወዝ ማስረጃ ይዞ ሁሉም የተከፈለ ይመስለዋል፡፡

በቁጥር እንየው፡፡ በአንድ ድርጅት በወር 12,000 ብር የሚከፈለው ባለሙያ በሌላ ቦታ በ8,000 ብር ተቀጠረ እንበል፡፡ የመጀመሪያው ቀጣሪ 2,250 ብር፣ ሁለተኛው 1,150 ብር ግብር ይቀንሳሉ፡፡ ድምሩ 3,400 ብር ነው፡፡ የሰውየው የወር ገቢ ግን 20,000 ብር ስለሆነ በዚህ ላይ የሚታሰበው ግብር 4,950 ብር ይሆናል፡፡ ልዩነቱ በወር 1,550 ብር፣ በዓመት 18,600 ብር ነው፡፡ ከሁለተኛው ሥራ ተቆረጠ ብሎ የሚያስበው 1,150 ብር ሲሆን፣ ያ ሥራ በእርግጥ የሚያስከትለው ግብር 2,700 ብር ነው፡፡ ከ8,000 ብሩ ከግብር በኋላ የሚተርፈው 5,300 ብር እንጂ 6,850 ብር አይደለም፡፡ የዋናው ሥራ ደመወዝ ቀድሞውኑ ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ሰው ስሌቱ ይበልጥ ቀላል ነው፡፡ ከሁለተኛው ሥራ ግብር ከሚከፈልበት እያንዳንዱ ብር 65 ሳንቲሙ ብቻ የእሱ ነው፡፡ በእነዚህ ምሳሌዎች ውስጥ ለብቻው የሚቀነሰውን የጡረታ መዋጮ አላስገባሁም፡፡

ይህንን ማወቅ የሚጠቅመው ግብር ለመክፈል ብቻ አይደለም፤ ደመወዝ ለመደራደርም ነው፡፡ «በእጅህ የተጣራ ይህን ያህል እንሰጥሃለን» የሚል ቀጣሪ ስሌቱን የሠራው የራሱን ክፍያ ብቻ ይዞ ነው፡፡ ልዩነቱ በሠራተኛው ላይ ይቀራል፡፡ ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ ሲያዝ የምሽቱ ድካም፣ የታክሲው ወጪና ከቤተሰብ የሚወሰደው ሰዓት ሊመዘን የሚገባው ከዋናው ደመወዝ በላይ በሚቀረው እውነተኛ ገንዘብ ነው፡፡ የትራንስፖርት ወጪን ከደመወዝ ገቢ ላይ ቀንሶ ግብር ማሳነስ እንደማይቻልም ልብ ይሏል፤ ለተቀጣሪ እንዲህ ያለ የወጪ ተቀናሽ በሕጉ አልተፈቀደም፡፡

ሁለተኛው ሥራ ቅጥር ካልሆነስ? ባለሙያው በራሱ ጊዜና በራሱ መሣሪያ፣ ለተለያዩ ደንበኞች፣ ውጤቱን ለማስረከብ ተስማምቶ የሚሠራ ከሆነ ገቢው የንግድ ሥራ ገቢ ነው፤ በሠንጠረዥ «ሐ» ይሰላል፡፡ ከደመወዙ ጋር አይደመርም፡፡ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ግብር ከፋይ ለሥራው ያወጣቸውን በሰነድ የተደገፉ ወጪዎች ይቀንሳል፤ ትርፉን በዓመቱ መጨረሻ ያሳውቃል፡፡ ከፋዩ ድርጅት በቅድሚያ የቀነሰው ግብር ካለም ደረሰኙን ይዞ ከዓመታዊ ግብሩ ላይ ያቻችላል፡፡ የንግድ ፈቃድ፣ የሙያ ፈቃድና የደረሰኝ ግዴታዎችም አብረው ይከተላሉ፡፡

ይህንን ያነበበ ሰው «እንግዲያው የቅጥር ውሌን የአገልግሎት ውል ብዬ ልሰይመው» ሊል ይችላል፡፡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ ውሉ የሚታወቀው በርዕሱ ሳይሆን በይዘቱ ነው፡፡ የመግቢያና መውጫ ሰዓት የሚቆጣጠር አለቃ ካለ፣ ሥራው በአሠሪው መመሪያና መሣሪያ የሚሠራ ከሆነ፣ ክፍያውም በየወሩ ቋሚ ከሆነ፣ «የአማካሪ ውል» የሚለው ርዕስ ብዙም አያድንም፡፡

ሁለት ቀጣሪ ያለው ሰው ምን ያድርግ? አንደኛ፣ አንድ ሰው አንድ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ብቻ ስለሚኖረው ያንኑ ቁጥር ለሁለቱም ቀጣሪዎች ይስጥ፤ ለሁለተኛ ሥራ ሌላ ቁጥር ማውጣት ጥፋት ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ከሁለቱም ቦታ በየወሩ የደመወዝና የተቀነሰ ግብር ማስረጃ ይቀበል፤ ያስቀምጥ፡፡ ሦስተኛ፣ ከላይ ባለው ሠንጠረዥ የድምር ገቢውን ግብር አስልቶ ልዩነቱን በየወሩ ለብቻው ያኑር፡፡ አራተኛ፣ ማስረጃዎቹን ይዞ ወደሚመለከተው የግብር ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ገቢውን በድምሩ ያሳውቅ፤ ለከፈለው ልዩነትም ደረሰኝ ይያዝ፡፡ ሳይነገር የቆየ ልዩነት ሲገኝ ዋናው ግብር ብቻውን አይመጣም፤ ወለድና ቅጣት አስከትሎ ነው፡፡ በሌላ በኩል ሁለተኛ ሥራ መያዝ በዋናው የቅጥር ውል ወይም በመሥሪያ ቤቱ ደንብ የተከለከለ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ግብር መክፈል ፈቃድ አይሆንም፡፡

እንደ እኔ አስተያየት ግን ሸክሙ በሠራተኛው ላይ ብቻ መውደቁ ተገቢ አይደለም፡፡ ሁለቱም ቀጣሪዎች በየወሩ የሠራተኞቻቸውን ስም፣ ደመወዝና መለያ ቁጥር ለግብር ሰብሳቢው ያሳውቃሉ፡፡ በአንድ ቁጥር የገባን ሁለት ደመወዝ ደምሮ «ይህን ያህል ይቀርሃል» የሚል ማስታወቂያ በጊዜው መላክ ለግብር ሰብሳቢው ከባድ ሊሆን አይገባም፡፡ ቀን ሠርቶ ማታ የሚደግም ሰው ግብር ለመሰወር የተነሳ ሰው አይደለም፤ አብዛኛው የማያውቀው ነው፡፡ በየወሩ 1,550 ብር ክፈል ቢባል ይከፍላል፡፡ ከዓመታት በኋላ ተጠራቅሞ፣ ቅጣትና ወለድ ታክሎበት ሲመጣ ግን ሁለተኛውን ሥራ የያዘበትን ምክንያት ራሱን ያፈርስበታል፡፡