የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ትናንትና ዛሬ

አንድ የሥራ መሣሪያ ጊዜው አለፈ የሚባለው መቼ ነው? አዲስ መሣሪያ ሲወጣ ነው? ወይስ የእርሱን ሥራ ሌላው ሙሉ በሙሉ ተክቶ መሥራት ሲችል? ይህ ጥያቄ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣ ነው። ስልኩ በኪስ፥ ታብሌቱ በእጅ፥ ላፕቶፑ በቦርሳ በሚያዝበት ዘመን፥ ሣጥኑና ሞኒተሩ ጠረጴዛ ይዞ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ከእንግዲህ ምን ይሠራል የሚሉ አያሌ ናቸው። ተገቢውን መልስ ለማግኘት መሣሪያው ከየት እንደ መጣ፥ ለማን እንደ ተሠራና ለባለቤቱ ምን መብት እንዳስገኘ ወደ ኋላ መለስ ብሎ መመልከት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዳራሽ ወደ ጠረጴዛ

በ1960ዎቹ ኮምፒዩተር የአንድ ግለሰብ ንብረት ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። አይ.ቢ.ኤም. በ1964 ያስተዋወቀውን ሲስተም 360 የመሳሰሉት መኪናዎች ልዩ ማቀዝቀዣ ያለው ሰፊ ክፍል ይጠይቁ ነበር። ኪራያቸውን ለመክፈል አቅም የነበራቸውም መንግሥታት፥ ባንኮች፥ ዩኒቨርሲቲዎችና ታላላቅ ኩባንያዎች ነበሩ። ሥራ ያለው ሰው ጥያቄውን በሚበሳ ካርድ ላይ አዘጋጅቶ ለክፍሉ ባለሙያዎች ያስረክባል፤ ተራው ደርሶ መልሱ እስኪወጣም ይጠብቃል። በሠራተኛውና በመሣሪያው መካከል በር፥ ወረፋና ፈቃድ ቆመው ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ርቀት ያጠበበው የማይክሮፕሮሰሰር መፈልሰፍ ነው። የኢንቴል ኩባንያ በ1971 ለገበያ ያቀረበው 4004 የተባለው ቺፕ የአንድ ኮምፒዩተር የስሌት ክፍል ከጣት ጥፍር በማይበልጥ ስፋት ላይ ሊያርፍ እንደሚችል አሳየ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1975 መጀመሪያ፥ አልቴር 8800 የተባለው መሣሪያ በአንድ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ሽፋን ላይ ታየ። ዋጋው 400 ዶላር ያህል ነበር፤ ገዢው ክፍሎቹን በፖስታ ተቀብሎ በራሱ እጅ ይገጣጥማቸዋል። ሜሞሪው 256 ባይት ብቻ ሲሆን፥ ኪቦርድም ሆነ ሞኒተር አልነበረውም። ትእዛዙ በተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይሰጣል፤ መልሱም በጥቃቅን መብራቶች ይነበባል። ይሁን እንጂ ገዢው በዚያ ሁሉ ድካም ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር አገኘ፤ ይኸውም ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው። በ1977 አፕል 2፥ ኮሞዶር ፔትና ቲ.አር.ኤስ. 80 ተገጣጥመው ለገበያ ሲቀርቡ ይኸው መብት ብየዳ ለማያውቀውም ሰው ደረሰ።

መሣሪያውን ከመዝናኛነት ወደ ሥራ መሣሪያነት ያሸጋገረው ግን የሒሳብ መዝገብ ነው። በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም አወጡ። ከዚያ በፊት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በትልቅ ወረቀት ላይ ያሰፈረው በጀት አንድ ቁጥር ሲለወጥበት ተከታዮቹን ድምሮች ሁሉ በላጲስ እያጠፋ እንደገና መሥራት ነበረበት። በቪዚካልክ ግን አንዱ ቁጥር ሲለወጥ የቀሩት ወዲያውኑ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ ብዙዎች ኮምፒዩተሩን የገዙት ለፕሮግራሙ ሲሉ ነበር። በኋላ የመጡት ሎተስና ኤክሴል፥ እንዲሁም በአዲስ አበባ የሒሳብ ክፍሎች ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ፒችትሪ ሁሉ ኮምፒዩተሩ በሒሳብ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት በሚለው በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

ክፍት ሆኖ የተሠራው ሣጥን

ኦገስት 12 ቀን 1981 አይ.ቢ.ኤም. የራሱን የግል ኮምፒዩተር በ1,565 ዶላር መነሻ ዋጋ አቀረበ። መሣሪያውን የሠራው በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በቦካ ራቶን ከተማ የነበረና በዶን ኤስትሪጅ የሚመራ ቡድን ነው። ቡድኑ ሥራውን በአጭር ጊዜ ለማድረስ ሲል የኩባንያውን የቆየ ልማድ ትቶ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፥ ዋናውን ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ወሰደ። በሣጥኑ ውስጥ ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩባቸው አምስት ቦታዎች ተዘጋጁ። ከዚህም ሌላ የመሣሪያውን አሠራር በዝርዝር የሚያስረዳ የቴክኒክ መጽሐፍ ለሽያጭ ቀረበ።

የዚህ ውሳኔ ውጤት ከታሰበው እጅግ የሰፋ ሆነ። ማንኛውም አነስተኛ ኩባንያ ካርድ፥ ዲስክ ወይም ፕሮግራም ሠርቶ ለዚያ ሣጥን መሸጥ ቻለ። የኮምፓክ ኩባንያ በ1983 ከዚያው ጋር የሚስማማ መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ ዋጋውም ወረደ። በመጨረሻ አይ.ቢ.ኤም. ራሱ የግል ኮምፒዩተር ሥራውን በ2005 ለቻይናው ሌኖቮ ሲሸጥ፥ አሠራሩ የአንድ ኩባንያ መሆኑ ቀርቶ የዓለም ሆኖ ነበር። የኃይል መስጫው የተቃጠለበት ኮምፒዩተር ዛሬ በየከተማው ባለ አነስተኛ የጥገና ሱቅ ተከፍቶ በሌላ መስጫ የሚድነው፥ ሜሞሪው ያነሰውም የሚጨመርለት በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው።

ፊደላችን የገባበት በር

የዚህ ክፍትነት ጥቅም ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ከማንም በላይ ግልጽ ሊሆን ይገባል። በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ላይ ቁልፎቹ ለፊደሉ ሁሉ ስለማይበቁ፥ የፊደሉ አካልና የድምፁ ምልክት ተለያይተው በተከታታይ ምት ይጻፉ ነበር፤ የሚገኘውም ቅርጽ ከብራና ጽሕፈትና ከማተሚያ ቤት ፊደል የራቀ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒዩተሮችም ቢሆኑ ለግዕዝ ታስበው አልተሠሩም። የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ለምልክቶች የነበረው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን፥ እርሱም በላቲን ፊደላት፥ በቁጥሮችና በልዩ ልዩ ምልክቶች ተይዟል። በአንፃሩ 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ደግሞ ቦታው አይበቃም።

ሆኖም ሣጥኑ ክፍት ስለ ነበር ችግሩ መውጫ አላጣም። በ1980ዎቹ የወጡት የስክሪን ካርዶች ባለቤቱ በፋብሪካው ፊደል ምትክ የራሱን ቅርጽ እንዲጭን ይፈቅዱ ነበር። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፥ ከእነርሱም መካከል በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት አቶ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፥ በዚያው ዘመን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን አዘጋጁ። ከዚያም ዊንዶውስ ሲስፋፋ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉት በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ ገቡ። ለእነዚህ ሥራዎች ከኩባንያ ዘንድ የቀደመ ፈቃድ አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ዕውቀት፥ ትዕግሥትና የሚከፈት መሣሪያ ነው።

በርግጥ መንገዱ እንከን አልነበረውም። አዘጋጆቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮድ ስለ ሠሩ፥ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው ደብዳቤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆኖ ይታይ ነበር። መፍትሔው በሴፕቴምበር 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ተገኘ። በዚህ ዓለም አቀፍ የምልክቶች መዝገብ ውስጥ 345 የግዕዝ ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ንያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ወጣ። በዓለም መዝገብ ላይ ከመስፈሩ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ግን ፊደሉ በባለቤቶቹ ጥረት በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ይጻፍ ነበር።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የስልኩ ታሪክ የተለየ ነው። በ2007 የወጣው አይፎን ከአምራቹ በቀር የሌላ ሰው ፕሮግራም አይቀበልም ነበር። የፕሮግራም መሸጫው የተከፈተው በ2008 ሲሆን፥ የውጭ አዘጋጆች ለስልኩ ሁሉ የሚያገለግል ኪቦርድ እንዲያቀርቡ የተፈቀደላቸው ደግሞ በ2014 ነው። የ1980ዎቹ መሣሪያ እንደዚህ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ፥ የግዕዝ ፊደል የሌላውን መልካም ፈቃድ እየጠበቀ በር ላይ በቆመ ነበር።

ተተኪ የተባሉት

የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ያልፋል የሚለው ትንቢት አዲስ አይደለም። ሊሸከሙት የሚቻለው ኦስቦርን 1 ከአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ጋር በአንድ ዓመት፥ በ1981፥ ወጥቷል፤ ክብደቱ ግን 11 ኪሎ ያህል ነበር። ላፕቶፑ እየቀለለ ሄዶ በ2008 በዓለም ገበያ ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር በላይ መሸጥ ጀመረ። በ2010 አይፓድ በወጣ ጊዜ የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ የግል ኮምፒዩተርን ከጭነት መኪና ጋር አመሳስሎ፥ ወደፊት የሚያስፈልገው ለጥቂቶች እንደሚሆን ተናግሮ ነበር። በኦክቶበር 2016 ደግሞ ስታትካውንተር የተባለው ድርጅት ባወጣው ቆጠራ፥ በዓለም ድረ ገጾችን በስልክና በታብሌት የሚመለከተው ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒዩተር ከሚመለከተው በለጠ።

እነዚህን ጭብጦች ማቃለል አይገባም። ስልኩ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ጨርሶ ያልደረሰበት ሰው ዘንድ ደርሷል። በኢትዮጵያ በ2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ገንዘብ ለመላክና ለመቀበል ጠረጴዛም ሣጥንም አያስፈልግም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታም ላፕቶፑ በባትሪው ሲሠራ፥ ዩፒኤስ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያልተቀመጠውን ሥራ ይዞ ይጠፋል። ለመልእክት፥ ለክፍያ፥ ለንባብና ለመስክ ሥራ አዲሶቹ መሣሪያዎች የተሻሉ መሆናቸው አያከራክርም።

ያልተተካው ሥራ

ነገር ግን የተወሰደው የሥራው አንድ ክፍል እንጂ ሥራው በሙሉ አይደለም። አንደኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የሚሠራ ፕሮሰሰር ይሞቃል። የስልክ ቺፕ ሳይጎዳ ለረጅም ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው ኃይል ጥቂት ዋት ሲሆን፥ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ግን በሰፊው ሣጥንና በማራገቢያው እየተረዳ 65 ዋትና ከዚያም በላይ ለሰዓታት ሊጠቀም ይችላል። ቀጭኑ መሣሪያ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለሆነም ለሕንፃ ንድፍ፥ ለፊልም ቅንብር፥ ለመጽሐፍ ዝግጅትና ብዙ ሺህ መስመር ላለው ሒሳብ ሰፊው ሣጥን በተመሳሳይ ዋጋ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። ስልኩን ራሱን የሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራሞች እንኳ በመደበኛው አሠራር የሚጻፉት በኮምፒዩተር ላይ ነው።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ፥ ያነሰው ሊጨመር፥ የተበላሸውም በቀላሉ ሊለወጥ አይችልም። የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ግን ክፍል በክፍል ይታደሳል። የመለዋወጫ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። አዲሶቹ መሣሪያዎች ሥራውን በሩቅ በሚገኝ ማእከል ማስቀመጥን ያዘወትራሉ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራውም አብሮ ይርቃል። በ2020 ከጁን 30 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ፥ ሰነዱ በራሱ ዲስክ ላይ የነበረ ሰው መጻፉንና ማስላቱን አላቋረጠም።

ይህም ሆኖ ክፍትነቱ የዘላለም ዋስትና የለውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ የማይገኝ የደኅንነት መሣሪያ ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ገና መሥራት የሚችሉ ሣጥኖች ከየጠረጴዛው እየተነሡ ነው። እዚህ ላይ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚነሣ አንድ ብርቱ ጉዳይ አለ። ከዩኒኮድ በፊት በልዩ ልዩ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎች፥ ውሎች፥ ጥናቶችና የሠራተኛ ማኅደሮች የሚነበቡት አሮጌው ፎንትና ፕሮግራም በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሣጥኑ ፋይሎቹ ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጡ ከተጣለ፥ ፋይሉ ቢተርፍም ቃሉ ይጠፋል።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፥ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ዋጋ የተረሳው ስለ ተለመደ ነው። ታሪኩ የሚያስረዳው ግን የመሣሪያው ቁም ነገር በሣጥኑ ስፋት ሳይሆን፥ ባለቤቱ ሊከፍተው፥ ሊያድሰውና ለራሱ ቋንቋ ሊያስገዛው በመቻሉ ላይ መሆኑን ነው። ላፕቶፕም ሆነ ታብሌት ይህን መብት ይዞ ከመጣ ሥራውን ቢረከብ ጉዳት የለውም። መብቱ ሳይተላለፍ መሣሪያው ብቻ ከተለወጠ ግን፥ የኮምፒዩተር ተጠቃሚ በ1960ዎቹ ወደ ነበረበት ወደ በሩ፥ ወደ ወረፋውና ወደ ፈቃዱ ይመለሳል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ ዕቃ የሚመርጥ ባለሙያ ስለ ክብደቱና ስለ ውበቱ ከመጠየቁ በፊት፥ ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል፥ የተጻፈበትስ የማን ሆኖ ይቀራል ብሎ ቢጠይቅ ለሙያውም ለወገኑም ይበጃል።