ከተማውን ያመጣው ባቡር

በለቅሶ ድንኳን ስንቀመጥ ወጣቶች «ድሬዳዋ ትቀድማለች ወይስ ባቡሩ?» ይሉናል። ባቡሩ ነው የሚቀድመው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲሰጡ፣ መስመሩ ከጅቡቲ ወደ ሐረር እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ ሐዲድ ወደዚያ ማውጣት ገንዘብ የሚበላ ነገር ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ቆላ ቆላውን ሄዶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ቦታውን «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር፤ ስሙ አልያዘም እንጂ።

ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። ሐዲዱም ለዓመታት እዚሁ ቆመ፤ ወደ መሐል አገር የሚሄደው ዕቃ ከባቡር እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ለባቡሩ ኪሳራ፣ ለድሬ ግን ገበያ! አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የከዚራውን አሮጌ ጣቢያና የባቡር መጠገኛውን ሥራ የሚያውቁት አዛውንቶቻችን ግን አንድ በአንድ እየተሸኙ ነው። በየቤታችሁ የቀረ ፎቶግራፍ ወይም የሥራ ወረቀት ካለ ለእድሩ ጸሐፊ አሳዩልን፤ ታይቶ ይመለሳል።