«ሕዝቡ እስኪበቃ ድረስ»

የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይምረጡ አለ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መሆኑ ነው። ታዲያ መብቃቱን የሚመዝነው ማነው?

አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1870 በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት አይነፈግም ብላ ጻፈች፤ የደቡብ ግዛቶቿ ግን በማንበብና መጻፍ ፈተና እያሳበቡ እስከ 1965 ጥቁሩን ከምርጫ ሣጥን አራቁት።

እኛ ዘንድ በ1948 ዓ.ም. 21 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ሴት ወንድ ሳይባል፣ ይምረጥ ተባለ። ለመመረጥ ግን ንብረት ተጠየቀ! እንግዲህ የቦርከና ዳር ጭሰኛ ጌታውን ከመምረጥ በቀር ምን ቀረው?

በ1967 ዓ.ም. ጭሰኝነት በአዋጅ ተሻረ። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ከሚሴ ለምትገኝበት ዞን የኦሮሞ ብሔረሰብ ምክር ቤትን አጸና። ድምፅ ሰጪው ግን በወረቀት ብቻ አይበቃም። እርፍ ሳይጨብጥ ማረስ የተማረ ገበሬ አለ እንዴ?