ነፋስን የጠለፉ ማማዎች

ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ የማድርባት ክፍል መስኮት አልነበራትም። ሳሎኑን የሚያቀዘቅዘው ኤር ኮንዲሽነር ቀን ከሌት ያጓራል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ግን በበር ሥር የሾለከው ብቻ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ በዕረፍቴ፣ ባስታኪያ ወደተባለው ጥንታዊ ሰፈር ወረድሁ። ሰፈሩን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የቆረቆሩት ከደቡብ ፋርስ፣ ከባስታክ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። በየጣሪያቸው ላይ ነፋስ የሚጠልፍ ማማ አቁመዋል፤ ዐረቦች «ባርጂል»፣ ፋርሶች «ባድጊር» ይሉታል። በኢራን፣ በያዝድ ከተማ የሚገኘው የዳውላታባድ ማማ ቁመቱ 33 ሜትር ገደማ ነው።

የባስታኪያው ማማ በአራት ገጹ ክፍት ነው፤ ውስጡን ግን ሰያፍ ግድግዳዎች ይከፋፍሉታል። ነፋስ የመታው ወገን አየሩን ቁልቁል ይሰዳል፤ የጀርባው ወገን የሞቀውን ስቦ ያወጣል። መውጫ የሌለው ቤት ነፋስ አያስገባምና። በያዝድ ደግሞ የበረሃው ብርድ ሲመጣ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ሙቀቱም ከቤት አይሸሽም።

ማማ የባለጠጋ ነበር፤ ቁመቱ የጌታውን ሀብት ይናገራል። ድኾቹ ከዘንባባ ዝንጣፊ በተሠራ ጎጆ ያድሩ ነበር። ሆኖም በዝንጣፊው መካከል የባሕሩ ነፋስ ይገባላቸው ነበር። ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ማሽኑ መጣ፤ ማማዎቹም ሥራ ፈቱ።

በአንዱ ማማ ጥላ ሥር ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ፦ በዚህ ሁሉ ጥበብ አጠገብ ቤት የሠራ ሰው፣ ለሠራተኛዪቱ ክፍል አንዲት መስኮት መተው ምን ገደደው?