የዱር እንስሳት ቁጥር እንዴት ይለወጣል? የቀይ ቀበሮ ማሳያ

በአንድ ስፍራ የሚኖሩ የአንድ ዝርያ እንስሳት ብዛት ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። የሥነ ምኅዳር ሳይንስ ይህን ለውጥ በአራት ምክንያቶች ያስረዳል፤ እነርሱም ልደት፣ ሞት፣ ከሌላ ስፍራ መምጣትና ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ናቸው። ለምሳሌ 50 እንስሳት ባሉበት ስፍራ በአንድ ዓመት 12 ተወልደው 10 ቢሞቱ፣ 1 ከውጭ መጥቶ 3 ቢሄዱ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚገኙት እንደገና 50 ይሆናሉ። በመሆኑም እንስሳቱን መቁጠር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከአራቱ ምክንያቶች የትኛው እንደተለወጠ ማወቅ ያስፈልጋል።

የአካባቢው የመሸከም አቅም

ምግብ፣ ውኃና መጠለያ ውሱን በመሆናቸው አንድ ስፍራ ሊያኖር የሚችለው የእንስሳት ብዛት ወሰን አለው። ቁጥሩ ወደዚህ ወሰን ሲቃረብ የምግብ ሽሚያ ይበረታል፣ በሕይወት የሚያድጉ ግልገሎች ይቀንሳሉ፣ ተላላፊ በሽታም በቀላሉ ይዛመታል። በአንጻሩ እንደ ድርቅ ያሉ አደጋዎች እንስሳቱ ብዙም ሆኑ ጥቂት ጉዳት ያደርሳሉ።

የቀይ ቀበሮ ሁኔታ

በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ተራሮች የሚኖር ሲሆን፣ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እርሷም ብትወልድ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የጠፋውን ቁጥር ለመተካት ዓመታት ይወስዳል።

ለመራባት የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ የተቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ጓሳ ተበታትነው ይገኛሉ። በተራሮቹ መካከል እርሻና መንደር በመኖሩ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር እጅግ አዳጋች ነው። ይህም ከሌላ ስፍራ በመምጣት የሚገኘውን ጭማሪ አስቀርቶታል። በጎጃም ተራሮች የነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከጠፉ በኋላ የሚተካቸው አልተገኘም።

የበሽታ አደጋና መከላከያው

እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዌብ ሸለቆ የተከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ በሸለቆው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል። በሽታው ወደ ሌሎች የፓርኩ ክፍሎች እንዳይዛመት በአጎራባች ስፍራ ያሉ ቀበሮዎች ተይዘው ከተከተቡ በኋላ ተለቀዋል፤ ወረርሽኙም ሊገታ ችሏል።

በሽታው ወደ ቀይ ቀበሮ የሚተላለፈው ከቤት ውሾች ነው። በመሆኑም በተራሮቹ አቅራቢያ የሚኖሩ ነዋሪዎች ውሾቻቸውን በወቅቱ ማስከተብ፣ ከመንጋ ጋርም ሆነ ብቻቸውን ወደ ቀበሮዎቹ መኖሪያ እንዳይገቡ መጠበቅ ይኖርባቸዋል። የታመመ ወይም የሞተ ቀበሮ ሲያጋጥም በእጅ ሳይነኩ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያ ለሚገኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። ቁጥሩ አነስተኛ ለሆነና ከሌላ ስፍራ ተተኪ ለማያገኝ ዝርያ፣ ከሞት የሚተርፍ እያንዳንዱ እንስሳ ለዝርያው ቀጣይነት ወሳኝ ነው።